የሐጂ ሸምሱ መኪና ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ መኪና እዚሁ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር እንደቆመች አልነሣ አለች። የተጠራችው መካኒክ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ናት። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተችም። ስልክ የምታህል ነገር ከመሪው ሥር ሰካች፣ ትንሽ አፈጠጠችባትና «ኮምፒውተሩ ነው» አለች። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሳቄን ለቀቅሁት።

«ምን ያስቅዎታል አባባ?» አለችኝ ቀና ብላ።

«ልጄ፣ አንቺ በሁለት ደቂቃ ያልሻትን ቃል ለማለት እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል!»

ያላመነችኝ መሰለኝ። አልፈርድባትም፤ ያኔ የነበርኩትን ሰው ባገኘው እኔም አላምነውም።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ ጋሽ ታፈሰ በሚባሉ ሽማግሌ ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ብትጠይቁኝ ግን ጋራዡ የቆመው በእኔ ነው እላችሁ ነበር። ካርቡሬተር በጨለማ ፈትቼ እገጥማለሁ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፌ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ፣ እንደ ሐኪም ዓይኔን ጨፍኜ «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ናት» ስል ደንበኛ አፉን ከፍቶ ያየኛል። አንዳንዴም ትክክል እሆን ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ሐጂ ሸምሱ መጡ። ከስልጤ መጥተው አቃቂ ላይ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚነግዱ፣ ልብሳቸው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ የማይታይባቸው ንጹሕ ሰው ናቸው። መኪናቸው ያ ከፍ ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት የጃፓን ሥሪት ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም ካርቡሬተር የለውም። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡሬተሩን ፈለግሁት፣ አጣሁት፣ ግን እንዳገኘሁት አስመሰልኩ።

የመኪናዋ ሕመም እንዲህ ነበር፤ እየሄደች ሳለ ድንገት ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቀጥ ትላለች። መጀመሪያ ተጎትታ ስትመጣ ካንዴላዎቿን ቀየርኩ። ሦስት ቀን ጋራዥ አድራ ስትነሣ እንደ አዲስ ሆነች። «አላልኳችሁም?» አልኩ። በማግሥቱ በጭነት መኪና ተጎትታ መጣች። የነዳጅ ፖምፓዋን ፈትቼ አጸዳሁ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ተነሣች፣ አስረከብኩ፣ በማግሥቱ ተጎትታ መጣች። ሐጂ ከመሪው ፊት የምትበራውን ቢጫ መብራት እያሳዩ «ይህችስ ምንድን ናት?» ሲሉኝ፣ አምፖሏን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

«አሁንስ ሐጂ?»

«ጠፋች! ባረከላህ!» አሉኝ። አፈርኩ እንዳልላችሁ፣ አላፈርኩም።

ለአራተኛ ጊዜ ተጎትታ ስትገባ ነሐሴ ሆኗል። ዝናቡ አላባራም፤ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ የሰው ጫማ እየቀማ ያስቀራል። ሐጂ በዚህ ጊዜ አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

«እሑድ ሽማግሌዎች ይዤ ሀገር ቤት እወርዳለሁ። ለልጄ ሚስት ልጠይቅለት ነው» አሉ በቀስታ። «እና ምን ልበል? ለልጃችሁ ጥሩ ቤት አለን፣ ግን መጀመሪያ ወርዳችሁ መኪናችንን ግፉልን ልበል?»

ጋሽ ታፈሰ እኔን አዩኝ። «ሙሉጌታ፣ ይህች መኪና አምስተኛ ጊዜ ተጎትታ ከገባች፣ አንተ በእግርህ ትወጣለህ።» ጋሽ ታፈሰ የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ የወር ቤት ኪራይና እናት ነበረኝ።

ሐጂ ሊሄዱ ሲሉ «ደግሞ ውስጧ ይሸታል» አሉኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ከሽታው ጀመርኩ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ምንጣፍ ሳነሣ እግሬ ሥር ውሃ ተንቦጫረቀ። የጎኑን ፕላስቲክ ፈታሁ። መጽሐፍ የምታህል የአሉሚኒየም ሣጥን፣ ሽቦ እንደ ጢም ተንዠርግጎባት ተቀምጣለች። ነቅዬ ዘንበል ሳደርጋት ውሃ ከውስጧ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከፈትኳት፤ ውስጧ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። አሸተትኩት። የልብስ ሳሙና!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የጋሽ ታፈሰ ጋራዥ ሕግ ነበረው፤ ተሠርቶ ያለቀ መኪና ሳይታጠብ አይወጣም። የሐጂን መኪና የማጥበው ደግሞ እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ንጹሕ ሰው ናቸው ብዬ፣ በሳሙና፣ የውሃውን ጎማ ውስጥ ድረስ አስገብቼ፣ ወለሉን በውሃ እየገረፍኩ። ነገሩ ተገለጠልኝ። ጋራዥ ስትውል ስታድር ትደርቃለች፣ ትነሣለች፤ እኔ አዳንኳት እላለሁ፤ አጥቤ አሰጥማታለሁ፤ በማግሥቱ ትመጣለች። ጎበዝ ነኝ ባዩን መካኒክ ሲያሸንፈው የከረመው፣ የውሃ ጎማ የያዘው እኔው ራሴ ነበርኩ።

አዲሶቹ መኪኖች ሞተራቸውን የሚያዝ ኮምፒውተር አላቸው ሲባል ሰምቼ፣ ሳላምን ቀርቼ ነበር። «ኮምፒውተሯ ነው የተበላሸው» አልኳቸው ጋሽ ታፈሰን። ማን አበላሸው ለሚለው ድፍረቱ አልነበረኝም።

«መኪና ውስጥ ኮምፒውተር? የቀበሌዋ ጸሐፊ እንኳ የላትም!»

ዓርብ ጠዋት ሣጥኗን በፌስታል ጠቅልዬ መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ወረድኩ። «ሶኬቱ ከገባ ይሠራል ወንድሜ፣ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ አንዱ ነጋዴ። ከሳምንት በፊት ቢሆን እኔም እንዲያው ነበር የምለው። አሁን ግን ራሴን ማመን አቁሜ ነበርና፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ካልገጠመ አልቀበልም አልኩ። ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። በመጨረሻ አንድ ጉራጌ ነጋዴ «የለኝም» ሲለኝ፣ ዓይኔ ንፋስ በሩን እንዳይዘጋው ድጋፍ ያደረጋት የአሉሚኒየም ሣጥን ላይ አረፈ። ተንበርክኬ አቧራዋን ጠረግሁ። ቁጥሯ ገጠመ! እስከ ፊደሏ!

«በሩን ታዲያ ምን ሊይዝልኝ ነው?» አለ ሰውየው፣ የምር ተጨንቆ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ፈልጌ አመጣሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ፈታሁ፣ ሣጥኗን በቦታዋ አሰርኩ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ አደረግሁ። ባትሪውን መልሼ ቁልፉን ሳዞር በመጀመሪያው ተነሣች። አምፖሏንም ከኪሴ አውጥቼ መለስኳት፤ በራች፣ ወዲያው በራሷ ጠፋች። በእሷ መጥፋት የተደሰትኩትን ያህል በበራ ነገር ተደስቼ አላውቅም።

«እስከ ደብረ ዘይት እንሂድ፣ ሐጂ» አልኩ። የጤፉ ማሳ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኗል። ዱከምን ስናልፍ የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ገዛን፤ ሐጂ እየጋጡ ሞተሩን ያዳምጣሉ፣ እኔ በቆሎዬን ሳልነካ አዳምጣለሁ። ደብረ ዘይት ስንደርስ፣ ሥጋ ካልን የእርስዎ ቤት ወይስ የእኔ ቤት መባባል ስለሚመጣ፣ ዓሣ በላን። ስንመለስ እኔም በቆሎዬን ጋጥኩ።

ጋራዡ በር ላይ ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይጠብቃሉ። ሳትጎተት ስትገባ አይተው ፈገግ አሉ፤ ወደ ባልደረባዬ ወደ በቀለ ዞረውም «እጠብላቸው!» አሉት። በቀለ የውሃውን ጎማ እየጎተተ መጣ።

ዘልዬ የመኪናዋ በር ፊት ቆምኩ። «አይታጠብም!»

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ሳሙናውን፣ ወለሉን፣ ሁሉን።

«ማለት» አሉ ሐጂ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «ሁልጊዜም ያሰጠምካት አንተ ነህ?»

«ሁልጊዜም እኔ ነኝ ሐጂ።»

ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም፤ ሄደው ቧንቧውን ዘጉት። «እጠብ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

እሑድ መኪናዋ ጭቃ እስከ መስኮቷ ለብሳ ሽማግሌዎቹን ይዛ ሄደች። ማክሰኞ በራሷ እግር ተመለሰች። ሐጂ እንደነገሩን፣ የልጅቱ አባት ጭቃዋን አይተው «ይህ ለታይታ የሚነዳ ሰው አይደለም፣ የሥራ ሰው ነው» ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ሠርጉ ላይ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጥኩ፤ ንግግር አላደረግሁም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሞተር አስነሥቻለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያንን የማልረሳው ሌላ ሰው ያበላሸውን ስላስተካከልኩ አይደለም፤ አጥፊውን አሳድጄ የያዝኩበት ብቸኛ ጊዜ ስለሆነ ነው። ዛሬም ቤት ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲበላሽ፣ ከመፍታቴ በፊት «እኔ ሳልነካው ደህና ነበር እንዴ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ «አዎ!» ለማለት ጥያቄውን እስክጨርስ እንኳ አትጠብቅም።