ፕላስቲኩ ላይ የተከበበው ቦታ

ሽማግሌው አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ወደ ጥገና ቤቴ ገቡ። ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ቁልፎቹ ግን ተዛንፈው ነው የተቆለፉት።

«ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል» አሉኝ። «ባለቤቴ ፎቶ የምታይበት ነው። አሁን አሁንማ ምን እንደምትጠብቅ ይጠፋትና ታለቅሳለች። እኔንም ‹አንቱ ማን ነዎት?› ትለኛለች። ፎቶው የት እንዳለ ግን እጇ አልረሳም።»

ለአሮጌ ማሽን የማይከብዱ፣ በነጻ የሚገኙ ሦስት የኮምፒውተር ማስነሻ ሲስተሞች አሳየኋቸው። ስለ ፍጥነታቸው ሳስረዳ ጆሯቸውንም አልሰጡኝ። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ስስ ፕላስቲክ አወጡ። የድሮው ስክሪን ምልክቶች ያሉበትን ቦታ በእስክሪብቶ እየከበቡ ገልብጠውበታል። ፕላስቲኩን በየሲስተሙ ስክሪን ላይ እየዘረጉ፣ «ይኼም አይሆንም፤ እጇ ባዶ ላይ ያርፋል» ይላሉ።

በሦስተኛው ላይ የፎቶውን ምልክት ጎትቼ ክቡ ውስጥ አስገባሁላቸው።

«ተባረክ ልጄ!»

አጥፍቼ መልሼ ስጀምረው በቅጽበት ተከፈተ። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

«ምነው ጋሼ? ፈጠነ እኮ!»

ፕላስቲኩን ቀስ ብለው አጠፉት።

«እስኪከፈት ድረስ እጄን ይዛ ነበር የምትጠብቀው» አሉ። «ትንሽ እንዲዘገይ ማድረግ ይቻላል?»