ፈትቶ አደር እና የአውቶቡሱ ወንበሮች

ባለቤቴን ሰፈሩ «ፈትቶ አደር» ይለዋል። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አይካድም፣ የተበላሸውን ያድናል። ችግሩ ከዳነ በኋላም አይተወውም። «ድምፁ ትንሽ ቢጠራ» ብሎ መልሶ ይፈታዋል። ባለ ሬዲዮው ሲመጣ ንብረቱ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ይጠብቀዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛው ሁሉ ሸሸ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ኮምፒውተር አዞረ። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ ቪዲዮ እያየ ድረ ገጽ መሥራት ተማረ። እኔ አውቶቡስ ማኅበር ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ኃላፊያችንን ደጅ ጠንቼ የወንበር መሸጫውን ገጽ እንዲሠራ አስገባሁት። ለሙከራ ነው፤ ካማረለት ይቀጠራል። በዚህ ዕድሜው ሌላ የሚቀጥረው እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ገጹን የሠራበት ዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ ይባላል። ትምህርቴን ገና በጠዋቱ ስላቋረጥኩ የገባኝን ብቻ ልናገር። ያልተሸጠ ወንበር ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ስሸጠው እነካዋለሁ፣ ቀይ ይሆናል።

«መረጃው ሲቀየር ገጹ ራሱን ይቀይራል፤ እኔ ቀለም ቀቢ አይደለሁም» ይላል ባለቤቴ። «ደግሞ እንደ ትልልቆቹ ፍሬምወርኮች አይከብድም፤ ላባ ነው።»

ላባው በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ሠራኝ። ሰባት ቁጥርን ሸጥኩ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። በዚያ ግፊያ መሃል ማን ያስታውሳል? ደግሜ ሸጥኩት። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ አንድ ዓይነት ትኬት ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ ጭኑ ላይ ልቀመጥ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ ይቅርታ አባቴ!»

«እኔስ አልከብድም፤ እሱን ጠይቂልኝ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። «አንድ ጊዜ ይደገምና ባልሽም ኮምፒውተሩም አብረው ይወጣሉ» አለኝ።

ማታ ራት ላይ ባለቤቴን ጠየቅኩት።

«ወንበሩማ ውስጥ ለውስጥ ተሽጧል» አለ ራሱን እያከከ። «የወንበሮቹን ዝርዝር ከውስጡ ስለነካካሁት ግን ፍሬምወርኩ መቀየሩን አላየም። ዝርዝሩን እንዳለ በአዲስ መተካት ነበረብኝ። አንድ መስመር ናት።»

«ታዲያ ጻፋታ!»

ያቺን አንድ መስመር የት እንደሚጽፋት ሲፈልግ ቀናት ሄዱ። እህሉ እየቀዘቀዘ፣ እሱ ከስክሪኑ ጋር እየተጣላ። በመጨረሻ አገኛት።

ቅዳሜ ጠዋት የነካሁት ወንበር ሁሉ ቀይ ሆነ። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ አየና «ሰኞ ይምጣ፣ እናዋውለዋለን» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴን ነፋ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ለምሳ ስነሳ፣ ሥራውን ሊያይ የመጣው ባለቤቴ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ።

«እንዳትነካው!»

«ኧረ ምንም አልነካም። የፍሬምወርኩ አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ ከበፊቱም ይፈጥናል። እሱን ብቻ…»

«ሰውዬ፣ እየሠራ ነው እኮ!»

«ብይና ነይ።»

በልቼ መጣሁ። የመጀመሪያውን ትኬት ሸጥኩ፤ አረንጓዴ። ሁለተኛውን፤ አረንጓዴ። ሦስተኛውን ሳልሸጥ አንዲት ሴትዮ ልጇን አዝላ ከአውቶቡሱ ተመልሳ መጣች፤ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው አለ። በግፊያው መሃል አረንጓዴውን አምኜ፣ የመጀመሪያውን ወንበር ለሁለተኛው ሰውም ሸጬው ነበር። ኃላፊው መጥቶ የስክሪኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ።

«ገባኝ!» አለ ባለቤቴ፣ ሰዎቹ እየጮኹብኝ። «በአዲሱ ስሪት የትኛውን መረጃ እንደሚከታተል ለይቼ ልነግረው ይገባ ነበር። አንዲት ቃል ናት!»

ማን ይስማው? ካርቶን ቀድጄ ወንበሮቹን በእስክሪብቶ ሣልኩ። የሸጥኩትን ኤክስ አደረግኩበት።

ማታ ባለቤቴ ላፕቶፑን አቅፎ ከጎኔ ሲራመድ ቆየና፣ በራችን ላይ ስንደርስ፣ «ያቺ ሬዲዮሽ ሰሞኑን ትንሽ አታፏጭም?» አለኝ።

ቀድሜው ገባሁና ሬዲዮዬን አልጋዬ ውስጥ ሸሸግኳት።