የሐሙስ ካርቶኖች

ባለቤቴ ኔልዳ ካረፈች ሳምንታት ካለፉ በኋላ ልብሶቿን ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት ተነሣሁ። የምከትበት ነገር ስፈልግ ጋራዡ ውስጥ፣ ከገና ጌጦች ኋላ፣ ተጣጥፈው የቆሙ ካርቶኖች አገኘሁ። ጎናቸው ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ተስሏል፤ ከሥሩ "ሎንግሊፍ ኮምፒውተር" ይላል። ዛሬ ይህን ስም የሚያውቅ ወጣት አላጋጠመኝም። ከሂዩስተን በስተ ሰሜን፣ በጥዱ ደን ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ግን የእንጀራ ገመዳችን ነበር።

ኔልዳ የጥጥ ገበሬ ልጅ ናት። አያቶቿ ከቼክ አገር መጥተው ቴክሳስ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ታናሽ ወንድሟን ሌሮይን ያሳደገችው እሷ ናት። እኔን ስታገባም እሱ ገና ትምህርት ቤት ነበር፤ ከእኛው ጋር አደገ። ሎንግሊፍ በኪራይ መጋዘን ሥራ ሲጀምር ኔልዳ መጋረጃ ትሰፋ ነበር። ትታው ማሸጊያ ክፍል ገባች።

የኩባንያው የመጀመሪያ ኮምፒውተር እጀታ ነበረው። የትም ይዘውት ይሄዳሉ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ክብደቱ ግን የልብስ ስፌት መኪና ያህላል።

"ተሸካሚም አብረው ቢሸጡ ጥሩ ነበር" ትለኝ ነበር ኔልዳ።

ቢሆንም ገበያው ተሻማበት። ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ ከየባንኩና ከየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የጥዱ ቅርንጫፍ የማይታይበት ጠፋ። ጥዱ ተመንጥሮ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ተሠራ። ለስላሳ መጠጥ ለሠራተኛው በነፃ ነበር፤ ማሽኑን ተጭኖ መውሰድ ብቻ። ባንክ ገብቶ "ሎንግሊፍ ነው የምሠራው" ያለ ሰው ወንበር ይሳብለት ነበር።

ኔልዳ የምትቆመው ከመስመሩ መጨረሻ ነው። ማሽኑ ግራና ቀኙን በነጭ ፎም ተይዞ ይመጣል፤ እሷ ካርቶን ዘርግታ ትቀበለዋለች። መጀመሪያ አጫጭሮቹን ክንፎች፣ ቀጥሎ ረጃጅሞቹን፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በመዳፍ መታ፣ ከዚያ ፕላስተር። የፕላስተሩን ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፈው ነበር፤ የሚከፍተው ሰው በጥፍሩ እንዳይታገል። ሌሎቹ ጊዜ ያባክናል ብለው አያጥፉም። እሷ ብቻ ነበረች።

ሎንግሊፍ ሠራተኛ ሲፈልግ ጋዜጣ ላይ አያወጣም። የፈረቃ ኃላፊዎቹ በመስመሩ እየዞሩ "ዘመድ ያለው?" ይላሉ። ሰው ያመጣ ስለዚያ ሰው ይጠየቃል፤ ዘመድህ ቢያረፍድ የምትወቀሰው አንተ ነህ። ስለዚህ ማንም አያረፍድም ነበር። ኔልዳ የአክስቷን ልጆች አመጣች፤ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን እኩሌታ አመጣች። በመጨረሻም የጥጥ ጭነት መኪና ይነዳ የነበረውን ሌሮይን ጠራችው።

"ስለ ኮምፒውተር ምን አውቄ?" አላት።

"እኔስ ምን አውቃለሁ? ከካርቶኑ ውጭ ሲሠራ አይቼው አላውቅም" አለችው።

ሁለተኛው ሕንፃ ገባ። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ነበር፤ ሥራውንም ወደደው።

ውድቀቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሌላ ኩባንያ በስልክ ትእዛዝ እየተቀበለ፣ የታዘዘውን ብቻ እየሠራ፣ በርካሽ ቤት ድረስ መላክ ጀመረ። የእኛ ሰዎች ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሠርተው መጋዘን ይሞላሉ። ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ ሲቆይ እንደ ቲማቲም ነው፤ በየሳምንቱ ዋጋው ይወርዳል። አለቆች ተቀያየሩ። አንድ ቀን የለስላሳው ማሽን ሳንቲም ካልገባበት አልሰጥም አለ።

"እህቴ፣ ሳንቲም አለሽ? ኩባንያችን ልመና ወጣ!" ብሎ ሌሮይ ሳቀ። ኔልዳ አልሳቀችም።

እሱና ሚስቱ ትዋይላ በተጎታች ቤት ነበር የሚኖሩት። በዚያው ሰሞን ግቢው ውስጥ የፒካን ዛፍ ያለበት ቤት አግኝተው ከባንኩ ጋር ተነጋገሩ። ፊርማው ለአንድ ዓርብ ጠዋት ተቀጠረ። ያላቸውን ሁሉ አራግፈው ነው የሚገቡበት፤ ከተፈረመ መመለሻ የለውም።

በዋዜማው ሐሙስ፣ ኔልዳ ልትወጣ ስትል የፈረቃ ኃላፊዋ ከርቲስ ብሌድሶ መጣ። ብሌድሶ ክፉ ሰው አልነበረም።

"ሚስ ኔልዳ፣ ስልሳ ካርቶን ይዘርጉልኝ።"

"ማሽኑ የታል?"

"ማሽን የለውም።"

"ፎሙስ?"

"ባዶውን ነው። ሁለተኛው ሕንፃ በር ላይ ይደርደሩ።"

"ባዶ ካርቶን ለምን ይሆናል?"

ብሌድሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ዕቃውን ይዞ የሚወጣበት። ይህ ነገር ዛሬ ከተሰማ ነገ እርስዎም አንዱን ይይዛሉ፤ እኔም እይዛለሁ።"

ዘረጋቻቸው።

ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ነገረችኝ። ባቄላና ቋሊማ ምድጃው ላይ ነበር።

"ደውይለትና ንገሪው" አልኳት።

"ለትዋይላ ይነግራል። ትዋይላ ለእናቷ። እስኪነጋ አገር ይሰማዋል።"

"ይስማዋ!"

ዓይኗ መስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች እያየ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሰው ኩላሊት ተተክሎልኝ ነበር። ሰውነቴ እንግዳውን እንዳይገፋው ክኒን የምውጠው ዕድሜ ልኬን ነው፤ የክኒኑን ዋጋ የሚከፍለው የእሷ ሥራ የጤና መድን ነበር። እኔም የምታየውን አየሁና ሳህን ማውጣት ጀመርኩ።

ስልኩ ጮኸ። ሌሮይ ነበር፤ ለፊርማው ሊሰናዳ የዕለቱን ፈረቃ አስፈቅዶ ቤቱ ውሏል። ድምፁ እኔ እስካለሁበት ይሰማል።

"እህቴ! ነገ በዚህ ሰዓት ባለ ቤት ነኝ! እሁድ ያን የአያቶቻችንን ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላቺ ጋግረሽ ትመጫለሽ። የአፕሪኮት ነው የምልሽ፤ የፕሪሙን ይዘሽ ብትመጪ ከበር ነው የምመልስሽ!"

"እሺ፣ የአፕሪኮት" አለች። ከዚያ "ሌሮይ" አለችው።

"አቤት?"

የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

"ዝናብ ሊጥል ነው ብለዋል። ነገ ቀስ ብለህ ንዳ።"

ስልኩን ሰቀለች። ባቄላው አሮ ነበር። የላይ የላዩን አውጥታ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም።

ሌሮይ ዓርብ ጠዋት ፈረመ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ለከሰዓቱ ፈረቃ ሲደርስ በሩ ላይ ጥበቃዎች ቆመዋል። ስሙን ጠርተው አንድ ካርቶን ሰጡት። የምሳ ዕቃውን፣ የትዋይላን ፎቶግራፍና አንድ ሹራብ ከተተ። ተሸክሞ ሲወጣ ጣቱ ከካርቶኑ ሥር የፕላስተሩን ጫፍ አገኘ። ገልብጦ አየው። የታጠፈ ነበር።

ይህን የነገረችን ትዋይላ ናት፤ እሱ ራሱ አልነገረንም። እሁድ ኔልዳ የአፕሪኮት ኮላቺ ጋግራ ሄደች። እንደ ሸፈነችው ይዛው ተመለሰች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔልዳ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ እኔ አብሬው ኖሬአለሁ። ባንኩ ቤቱን ወሰደው። ሌሮይና ትዋይላ ቢውሞንት ሄዱ፤ እሱ ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ። ኔልዳ በልደቱ ቀን ትደውላለች። ትዋይላ "ወጥቷል" ትላታለች። ብዙም ሳይቆይ ሎንግሊፍን ሌላ ትልቅ ኩባንያ ገዛው፤ የጥዱን ቅርንጫፍ ከሕንፃዎቹ ላይ በክሬን አወረዱት። በዚያው ሰሞን ኔልዳም ካርቶኗን ይዛ ወጣች። ማን እንደዘረጋው አላውቅም፤ ጫፉ አልታጠፈም ነበር። ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ገብታ ሠራች፤ መድን ነበረው፤ ክኒኔ አልተቋረጠም። ሁላችን ቀድሞ ይሄዳል የምንለው እኔን ነበር። እሷ ልብስ ስታሰጣ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ፤ ከገመዱ ሥር ነው ያገኘኋት።

ቀብሩ ላይ ሌሮይ ከኋላ ቆሞ ነበር። ለቀብሩ ማዕድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሳይገባ ሄደ።

ካርቶኖቹን ያገኘሁ ቀን ግን የሌሮይ ፒክአፕ መኪና ግቢዬ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ከካርቶኑ ጋር ስታገል አየኝ።

"ምን እየሠራህ ነው፣ አልቪን?"

"ልብሷን ልከት።"

"እንደዚያ አይደለም።" ከእጄ ወሰደው። አጫጭሮቹን ክንፎች፣ ረጃጅሞቹን፣ በመዳፍ መታ። ቀሚሶቿን ሰጠሁት። የሰማያዊውን ቀሚስ እጅጌ አስተካክሎ አጠፈ። ቀና ሳይል "ለክኒንህ ነው፣ አይደል?" አለኝ።

"ለክኒኔ ነው።"

"ትዋይላ ያኔውኑ ብላኝ ነበር።" ሌላ ካርቶን ዘረጋ። "ብትነግረኝም እፈርም ነበር። ሎንግሊፍ ይወድቃል ብሎ ያኔ ማን ያምን ነበር?"

"የምርህን ነው?"

"እንጃ" አለ። "ለእሷ ግን እንደዚያ ልላት ነበር።"

ቢውሞንት ሩቅ አይደለም፤ በሕይወት ሳለች መጥቶ ሊላት ይችል ነበር። ይህን አላልኩትም።

የመጨረሻውን ካርቶን ሲዘጋ ፕላስተሩን ለጥፎ ቆረጠው፤ ሊነሣ ብሎ ተመለሰና ጫፉን በጥፍሩ አንሥቶ አጠፈው። ሁሉንም ፒክአፑ ላይ ጫነ። ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ አለኝ። ቡና ላፍላ ብለው እምቢ አለ።

ሲሄድ መስኮቱ ዘንድ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ውሃ ቀድቼ የማታ ክኒኔን ዋጥኩ።