ከቀብሩ በኋላ የመጡ መልእክቶች

እናቴ የዓይን ሞራዋን በተገፈፈች ሳምንት፣ ሰኮሩ ከተማ ቡና ይነግድ የነበረው ታናሽ ወንድሟ በድንገት ሞተ። ሐኪሙ «እንዳታለቅስ፤ ዓይኗን ልታጣ ትችላለች» ብሎን ነበር። መርዶ ደግሞ ያለ እንባ አይሆንም። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና ፋሻው እስኪፈታ ይደበቅ ተባለ። መደበቁ እኔ ላይ ተጣለ፤ ከዘመዱ ሁሉ መዋሸት የምችል እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል።

ሞባይል እኛ ዘንድ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። አጎቴ በየቀኑ ከእራት በፊት መልእክት ይልክላት ነበር። ስልኩ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይጽፈዋል፤ እሷ የፈረንጁን ስለማትችል የማነብላት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ፈተና አለኝ ብያት ሰኮሩ ሄጄ ቀበርኩት። የእሱን ስልክ ሰጡኝ። ድምፁን አጥፍቼ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ቀን «ወንድሜ ምነው ዝም አለ?» ስትል፣ ጓዳ ገብቼ በእሱ ስልክ ጻፍኩ። የእሷ ስልክ ጮኸ። ወጥቼ አነበብኩላት፦ «እትዬ፣ ዓይንሽ ሲበራ መጀመሪያ የምታዪው የእኔን መላጣ ነው።»

ሳቀች። ፋሻ የታሰረ ፊት ሲስቅ ያስፈራል።

«በይ ጻፊለት። ለመላጣህ ብዬማ ዓይኔን አላስገፈፍኩም በይው።»

በእሷ ስልክ ጽፌ ላክሁ። የሟቹ ስልክ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የቀለለው ለእጄ ነው። በአምስተኛው ቀን ሳላስብ እጽፍ ጀመር፤ ስድቡም ቀልዱም የሱ። አንዳንዴ የጻፍኩትን እንደ አዲስ አንብቤ እስቃለሁ፤ ከዚያ እደነግጣለሁ። የገዛ እጄን ፈራሁት።

ፋሻው በተፈታ ማግስት፣ ሲነጋጋ ጎረቤቱ ግቢያችንን ሞላው። ስንገባ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማሎ እባክሽ፣ አብሽሪ፣ የአላህ ውሳኔ ሆኖ…» ሲሉ እጇን አነሳች።

«አውቃለሁ ሐጂ፣ አይድከሙ። ልጄ መልሴን በላከችለት ቁጥር ስልኩ ኪሷ ውስጥ ሲያጉረመርም እሰማ ነበር። የታሰረው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት።

«ስታነቢልኝ እኮ አልሞተም ነበር።»

ለቀስተኛው ጮኸ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ዓይኖቿ ደርቀው ግድግዳውን ያያሉ። ዓይኗን አድነን ሌላ ነገር ገድለንባት ይሆን ብዬ ተሸበርኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የዛሬውን አንብቢልኝ» አለች።

ስልኩን አወጣሁት፤ ባትሪው አልቋል። የጠፋውን ስልክ እያየሁ አነበብኩላት፦ «እትዬ፣ በሰላም ደርሻለሁ። አሁን አልቅሺልኝ።»

ቃሉን አላሰብኩትም፤ ከየት እንደመጣም እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ግን ደረቷን መትታ ጮኸች።