ፏፏቴው ወደ ቤታችን ሲመጣ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤታችን ጓሮ በስተጀርባ ወንዙ ከገደል ይወረወራል። ፏፏቴ ስላችሁ ሰው ፎቶ የሚነሳበት እንዳይመስላችሁ፤ ላስቲክና አረፋ ተሸክሞ የሚወርድ ቡናማ ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ግን አውሬ ይሆናል። የገደሉ አናት ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከስሩ ያለው በጥፍር የሚፈረፈር ነጣ ያለ አለት። ውሃው ታች ሲፈጠፈጥ እየተሽከረከረ ለስላሳውን ይቦረቡረዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ከስሩ ባዶ ሆኖ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ቀን የገዛ ክብደቱ ይጥለዋል። ያኔ ገደሉ ወደ እኛ ይጠጋል። ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት መሬት ዛሬ የለም።

አባቴ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ክፍል ያሠሩት እናቴ ስትታመም ፀሐይ እንድታገኝ ብለው ነበር። እናቴ እዚያው አረፈች፤ እሳቸውም ከዚያች ክፍል አልወጡም። ገደሉ ሲቀርብባቸው የድንጋይ አጥር ለማሠራት ቆረጡ። ድንጋዩን ያመጡት ከፏፏቴው ስር ነው፤ በየጊዜው ወድቀው የውሃውን ዱላ የሚቀበሉትን ትልልቅ ቋጥኞች። የእድራችን ወንዶች በደቦ መጥተው በመዶሻ ፈለጧቸው፣ በገመድ ጎትተው አወጧቸው።

«አባዬ፣ እነሱ እኮ ናቸው የውሃውን ጉልበት የሚሰብሩት» አልኳቸው።

«ድንጋይ ታች ተጋድሞ ምን ይሠራል? ላይ ቆሞ ይጠብቀን እንጂ» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ለእሳቸው ፈረደ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የእኛ ጉድ በነሐሴ መጣ። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ወንዙ ሲያገሳ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ከማዶ ያለው ዳገት ጠጠሩን እያንሸራተተ ወደ ውሃው ይተፋል። ሮጬ ስደርስ የክፍሏ ወለል ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። አባቴ የእናቴ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ይውጡ! መሬቱ እየሄደ ነው!»

«እኔ ከዚህ የትም አልሄድም። አንተ ሂድ።»

አጥሩ እንዳለ ወደ ውጭ ተጋደመና ጠፋ። ያኔ ዕድሜዬን በሙሉ አንቱ ያልኳቸውን ሰው «ውጣ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ኮሌታቸውን አነቅኩ። በከዘራቸው ፊቴን መቱኝ፤ ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። የአልጋውን ብረት ጨምድደው ስለያዙ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈለቀቅኩ። ሲወድቁ አላነሳኋቸውም፤ በክንዳቸው ይዤ ጭቃ ለጭቃ ጎተትኳቸው። ግቢው በር ጋ ስንደርስ ከኋላችን ምድር ተገነጠለች። ድምፁን የሰማሁት በደረቴ ነው። ክፍሏ፣ አልጋው፣ ቆርቆሮው አብረው ወረዱ።

አባቴ ዝናብ ላይ ቁጭ ብለው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጅህን አነሳህብኝ።»

ከዚያ በኋላ አላነጋገሩኝም። ካለሁበት ማዕድ ይነሳሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡ።

«ነፍሳቸውን ባተርፍ ነው የምከሰሰው?» አልኩ በንዴት።

«ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ግን አባት ነው። ድንጋይ ተሸከም።»

ድንጋይ አንገቴ ላይ ጭኜ እግራቸው ስር ተንበረከክሁ። ክንዳቸው ላይ ጣቶቼ ያረፉበት ጠቁሯል። ብዙ ካቆዩኝ በኋላ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሱልኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ሁሉም እፎይ አለ። እኔ ግን ውስጤ ይነድ ነበር። አባቴን ከመደብደብና አባቴን ከመቅበር አንዱን እንድመርጥ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። አንተስ ይቅር ብለሃቸዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቢጠይቁኝ ያን ቀን እምቢ እል ነበር።