መጠበቅ የማያውቀው ገምጋሚ

የእህቴ ባል ሰልፍ ሲቀያይር እንጂ ሰልፍ ላይ ቆሞ አይታይም። አንዱ መስኮት ዘገየ ብሎ ወደ ሌላው ይዘላል፤ እዚያ ሲደርስ የተወው መስኮት ይፈጥናል፤ ተመልሶ ይዘላል። እህቴ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብላው ብላው ሲደክማት «ቶሎቶሎ» የሚል ስም አውጥታለት አረፈች።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤታችን ኮድ ገምጋሚ ይኸው ሰው ነው። እኔ እዚያው ማሽን ክፍል ውስጥ ኬብል እሰካለሁ፣ ኬብል እነቅላለሁ፤ ከአማቼ በሥራም በቤትም መላቀቅ የለም። ከርነል በሚሉት የኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ እሱ ሳያጸድቃት የምትገባ አንዲት መስመር የለችም።

ሰሞኑን የቀረበለት የአዲሷ ፕሮግራመር ኮድ ነበር። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነው፤ ኮዷ አለቃችን ፊት ከሠራ ትቀጠራለች፣ ካልሠራ ዕቃሽን ሰብስቢ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰርቨር የሚሉት ትልቁ ኮምፒውተራችን ከመረጃ ማከማቻው ጋር በሁለት ኬብል ይገናኛል፤ አንዱ ቢበጠስ ልጅቷ የጻፈችው፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ሥራውን ወደ ሁለተኛው ያዞራል። ማከማቻው ግን እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው በሌላ በር ሲጠሩት ብድግ ብሎ አይወጣም፤ «እየተዘጋጀሁ ነው» ይላል። ልጅቷም ድራይቨሩ ይህን ሲሰማ ጥቂት እንዲታገሥ አድርጋ ጽፋዋለች።

ቶሎቶሎ ይህን ሲያነብ ወንበሩ ቆረቆረው።

«ምንድን ነው የምትጠብቂው? ሙሽራ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እየተዘጋጀሁ ነው አለ እንጂ ሞትኩ አላለም።»

«ወዲያው እሺ ያላለ ሁሉ ሞቷል። መጠበቂያውን አውጪው፤ ያለዚያ አላጸድቅም።»

አወጣችው። ምን ታድርግ፣ ማኅተሙ ያለው እሱ እጅ ነው።

የፈተናው ቀን አለቃው መጣ፣ ቶሎቶሎ ከረባት አሰረ፣ እኔም አንደኛውን ኬብል ነቀልኩ። ድራይቨሩ ወደ ሁለተኛው ዞረ። ማከማቻው «እየተዘጋጀሁ ነው» አለ። ሞቷል ተባለና ድራይቨሩ ወደ ተነቀለው ኬብል ተመለሰ፤ እዚያ ማንም የለም፤ ደግሞ ወደ ሁለተኛው። ማከማቻው ዝግጅቱን እንደ አዲስ ጀመረ። ወዲህ ወዲያ ሲባል አንዲት ፊደል እንኳ ሳትጻፍ ቀረች፤ የስህተት መልእክት ግን እንደ ጎርፍ ወረደ። እውነቱን ልናገርና፣ አማቼን ባንክ ሰልፍ ላይ ያየሁት ነው የመሰለኝ።

አለቃው ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይኼ ነገር መጠበቂያ የለውም እንዴ? ማን ነው ያወጣው?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። ዕድሜውን ሙሉ መጠበቅ ያቃተው ሰውዬ ያን ጊዜ ጠበቀ። እንዴት አድርጎ ጠበቀ መሰላችሁ! ከረባቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ የነቀልኩትን ኬብል አየ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግሁ፤ ማታ እህቴ ቤት እራት እንዳለኝ ያውቃል።

«እኛ ነን» አለ በመጨረሻ።

«እኛ የሚባል ሠራተኛ እዚህ አልቀጠርኩም።»

«እሺ… እኔ ነኝ። እሷስ አይውጣ ብላኝ ነበር።»

ልጅቷ መጠበቂያውን እዚያው መለሰችው፤ ቶሎቶሎም ዓይኑን ሳይጥልበት አጸደቀው። ኬብሉን ሰክቼ እንደገና ነቀልኩ። ማከማቻው ተዘጋጀ፣ ድራይቨሩ ታገሠ፣ ሥራው ቀጠለ። አለቃው ልጅቷን ነገ መጥታ የቋሚነት ውሏን እንድትፈርም ነገራት።

ማታ እራት ላይ ቶሎቶሎ ወሬውን ጀመረ። «የአንዲት ልጅ ኮድ ተንኮታኩቶ፣ እኔ ነኝ ቆሜ ያስተካከልኩላት።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። አፌ ሙሉ ነበርና እስክውጥ ድረስ ጠበቀችኝ።