ሻሹ የጠጣው ዘይት

በደብረ ብርሃን ገበያ የወንድ ካቦርት ደርባ ዘይት የምትሸጠው ሴትዮ፣ ራሷ ጥላው ሥር ተኮራምታ ፀሐዩን ለማሰሮዋ ትለቃለች። የኑግ ዘይት ብርድ ሲነካው ይወፍርና ከማጥለያው ሻሽ ጠብ የሚለው በስንት ልመና ነው።

ጠርሙሷን ልታስሞላ የመጣችው ንጋቷ መቆም ሰለቻት።

«እናቴ፣ ጨመቅ ያድርጉት እንጂ! ሻሹ እኮ ጠጥቶ ጨረሰው።»

«ከጨመቅሁት ዝቃጩ አብሮ ይወርድብሻል፣ ልጄ። ሻሹ የጠጣው ከእኔ ነው የሚጎድል፤ ያንቺን አልነካም።»

ጠርሙሱ ጢም ሲል ሴትዮዋ ዘይት ያዘለውን ሻሽ አጣጥፋ ክዳን ባለው ጣሳ ከተተችው።

«ምን ያደርግልዎታል?» አለች ንጋቷ።

«የባለቤቴ እጅ ከተኮማተረ ዓመት አለፈው። ቤት ስገባ በዚህ ነው የማሸው። ትናንት አውራ ጣቱ ተዘረጋ፤ አራቱ ቀሩኝ።»